የጉልበት ምዕራፍ

ጉልበቱን አሞት የማያውቅ አንባቢ ይህን ወግ ዘልሎ ወደ ሌላ ሥራው ቢሄድ አልቀየመውም። የምጽፈው ለእኛ ነው፤ ከወንበር ስንነሳ የጌታን ስም ለምንጠራ፣ ደረጃ ስናይ ፊታችን ለሚጠቁር፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ታጥፈን ውለን ማታ ደግሞ ለጸሎት ለምንታጠፍ። በጉልበት ስለጀመርኩ በሳቅ የምጨርስ ከመሰላችሁ ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ በሳቅ አያልቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ የራሷ ሕንፃ አልነበራትም። አንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን ዓርብ ማታና እሑድ ከሰዓት ያከራየን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በላዩ ምንጣፍ ተነጥፏል ይባላል፤ እኔ በጉልበቴ ፈልጌ አላገኘሁትም። እኛ ደግሞ ቆሞ መጸለይ አይሆንልንም። "እንንበርከክ" ከተባለ ተንበረከክን ነው፤ መቼ እንደምንነሳ የሚያውቁት መንፈስ ቅዱስና ጋሽ ተሰማ ብቻ ናቸው።

ጋሽ ተሰማ የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው ታስረዋል፤ ጉልበታቸው እዚያ ነው የቀረው። አመመኝ ሲሉ ግን ሰምተናቸው አናውቅም። ከጸሎት ሲነሱ ጥርሳቸውን ነክሰው "ሃሌ ሉያ!" ይላሉ፣ እኛም ተከትለን "አሜን!" እንላለን። የሕመም ሃሌ ሉያ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? እኔ የእሳቸውን ጽናት ሩቡንም አልታደልኩም። ስንበረከክ ከሁሉ በኋላ፣ ስነሳ ከሁሉ በፊት ነኝ። አንድ ዓርብ ጉባኤው ስለ አገር ሲጸልይ እኔ ስለ ጉልበቴ ስጸልይ ተያዝኩ፤ ሳላውቀው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር።

የምንኖረው ዶቨር የሚባል ሰፈር ነው፣ እኔና ባለቤቴ አስቴር፣ ዋልተር የሚባል ፈረንጅ ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ተከራይተን። ቤቱን ልናይ የሄድን ዕለት በሩ አጠገብ ሁለት የብረት ሳህኖችና አንድ የውሻ ማሰሪያ አየሁ። አስቴር ውሻ ትፈራለች። እውነቱን ለመናገር የምፈራው እኔ ነኝ፤ በእሷ አሳብባለሁ።

"ሚስቴ ውሻ ትፈራለች። ውሻ አለህ?" አልኩት።

ዋልተር ጸጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ከኋላው ኩሽና ውስጥ ጢሙ ቀይ የሆነ ግዙፍ ሰውዬ ሻይ እያፈላ እጁን አወዛወዘልን።

"ውሻ የለኝም" አለ ዋልተር። "ሳህኑ የዳግ ነው። ዳግ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡችላ ይሆናል። የሁለታችን ጨዋታ ነው፤ እዚሁ ላይ ቤት ነው የምንጫወተው፤ እናንተን አይረብሽም። ደስ ካላላችሁ ሳትገቡ ብትተዉት አልቀየምም። ከገባችሁ በኋላ ከምትሰሙ ብዬ ነው።"

እንግሊዝኛው ገብቶኛል። ቅዳሜም፣ ቡችላም የማውቃቸው ቃላት ናቸው። ነገሩ ነው አልገባ ያለኝ። ዞር ብዬ አስቴርን አየኋት። አስቴር አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰውን ጉድ አጥባና አድርቃ ጨርሳለች።

"የሚነክስ ውሻ ግን የለም?" አለችው።

"የለም።"

"ማሞቂያው ሬንቱ ውስጥ ይታሰባል?"

"ይታሰባል። ከተበላሸም ዳግ ነው የሚጠግነው፤ ሥራው ነው።"

"እንገባለን" አለች፤ ገባን።

ጎረቤትነታችን እንደማንኛውም ሰው ነበር። ዳግ መኪናዬ ሲበርዳት ያስነሳልኛል፣ አስቴር ምስር ስትሠራ አንድ ሳህን ትልክላቸዋለች (በሰው ሳህን ማለቴ ነው)። እኔ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጣሪያውን እያየሁ እውላለሁ። በመጨረሻ ዋልተር ሁኔታዬን አይቶ ይመስለኛል አንድ መጽሐፍ ሰጠኝ። "ከመገመት ማንበብ ይሻላል" አለኝ።

መጽሐፉን የጻፉት ሁለቱ ራሳቸው ናቸው። በታይፕ ተመትቶ፣ በፎቶኮፒ ተባዝቶ፣ ጠርዙ በሽቦ ተነክሷል። ሰው እንዴት ቡችላ እንደሚሆን፣ የሚይዘውም ሰው ምን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስረዳ መመሪያ ነው። ቆዳ የሚለብሱ፣ በእንዲህ ያለ ነገር የሚዋደዱ ወንዶች በየከተማው አሉ፤ መጽሐፉን አንዱ ለአንዱ ያስተላልፋል፤ ከቫንኩቨርም ከቶሮንቶም በፖስታ ይጠየቅ ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደልብ አይገኝም ነበርና።

መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። ነውሩን ፍለጋ ነው የገባሁት፤ አልዋሽም። ነውሩም አለ፤ ያን ምዕራፍ ቀድማ ያገኘችው አስቴር ናት፤ ካነበበችው በኋላ መጽሐፉን ገልብጣ አስቀምጣ ሽንኩርት ልትልጥ ሄደች። የቀረው ግን ያልጠበቅኩት ሆኖ አገኘሁት። ቡችላው በቃኝ ካለ በቃ ነው፤ ለምን አይባልም። ውሃ ከአጠገቡ አይጥፋ። ቡችላ ስለማይናገር ዓይኑን ተመልከት። ጨዋታው ሲያልቅ ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ሰው ሆኖ እስኪመለስ ከጎኑ አትነሳ። እዚህ ላይ ስደርስ ቀናሁ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ፤ ሰው ሆኜ እስክመለስ የጠበቀኝ አልነበረም። አንድ በሥራው የደከመ ሰው ቅዳሜን ሬንትም፣ ታክስም፣ አለቃም የማያውቅ ፍጥረት ሆኖ ልዋል ቢል፣ እኔ ባላደርገውም ድካሙ ገባኝ።

ከዚያ ስለ ጉልበት የሚለው ምዕራፍ መጣ።

አንባቢዬ፣ ስለ ጉልበት እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላነበብኩም። የጻፈው ዳግ ነው። ማሞቂያ ጠጋኝ እንደመሆኑ ኑሮው በጉልበቱ ነው። ክብደትህን የት ላይ ማድረግ እንዳለብህ፣ በየስንት ጊዜው ማዛወር እንዳለብህ፣ ከተነሳህ በኋላ እንዴት ማሸት እንዳለብህ ቁጭ አድርጎታል። ደግሞ ታይል የሚያነጥፉ ሠራተኞች ጉልበታቸው ላይ የሚያስሩትን መከዳ ግዙ ይላል። በነጋታው ሄጄ ገዛሁ።

ዓርብ ማታ ከሰፊ ሱሪዬ ሥር አስሬው ሄድኩ። "እንንበርከክ" ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ወረድኩ። ጌታ ይባረክ! ወለሉ ሁሉ ፍራሽ የሆነ መሰለኝ። ወንድሞች ተነሱ፣ እህቶች ተነሱ፣ ጋሽ ተሰማ "ሃሌ ሉያ!" ብለው ተነሱ፤ እኔ ምን አስነስቶኝ! የሆነ ጊዜ ላይ እንቅልፍም ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ጉባኤው ከቦኝ በዝግታ ይዘምራል።

በሁለተኛው ሳምንት የጸሎት ሰው ተባልኩ። በሦስተኛው የታመሙ ሰዎች ስሜን ጠቅሰው ልመና ላኩ። በአራተኛው ወንድም ኤልያስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ፣ የጸሎት ክፍሉን እንድመራ እንደተወሰነ ነገረኝ። ኤልያስ ቀልድ የማያውቅ፣ ከረባቱን የማይፈታ፣ ሁሉን ነገር በፎቶኮፒ አባዝቶ የሚያድል ወጣት ነው። እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ፤ ምን ልበል? ጉልበቴ ውሸት ነው ልበል?

የደረሱብኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። አጠገቤ ሲንበረከኩ ሚዛን ስተው ጉልበቴን ተደገፉ። ሁለቴ ጫን ጫን አደረጉት።

"ምንድነው ይኼ?"

"መከዳ ነው፣ ጋሼ" አልኩ፤ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "የት ነው የሚሸጠው?"

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሽማግሌ ፊት ያየሁባቸው። ዕድሜ ልካቸውን የደበቁትን ነገር በሹክሹክታ ነገሩኝ። መከዳውንም፣ ከመጽሐፉ ላይ የተማርኩትንም ነገርኳቸው። "አንድ ጎረቤቴ የጻፈው ነው" ከማለት በቀር ስለ መጽሐፉ ምንም አልጨመርኩም።

"ተርጉመው" አሉኝ። "እንደኔ የሚሠቃይ ብዙ ነው።"

ተረጎምኩት። ምዕራፉ ውስጥ ቡችላ የሚለው ቃል በየመስመሩ አለ። እኔ በየቦታው ወንድም እያልኩ አለፍኩት። "ወንድም ሲደክመው በጎኑ ተኝቶ ይረፍ።" "ወንድም በተንበረከከበት ውሃ ከአጠገቡ አይጥፋ።" "ወንድም ቀዝቃዛ ወለል ላይ ብዙ አይቆይ፤ የሚይዘው ወንድም ኃላፊነት አለበት።" ጆሮውን ስለማሸት የሚለውን ዘለልኩት። ኤልያስ አባዝቶ ለሁሉም አደለ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ማታ የሚመጣ እንግዳ የሚያየው ሌላ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በጎናቸው ተጋድመው ይጸልያሉ፣ በየራስጌያቸው ውሃ አለ፣ አንዱ የአንዱን ጉልበት ያሻል። ጋሽ ተሰማ ያለ ሃሌ ሉያ መነሳት ጀመሩ። "ጎረቤትህን ጌታ ይባርከው" ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር። እኔም ለዳግ አደርሳለሁ፤ ዳግ ይስቃል፣ ዋልተር ይስቃል። ጥሩ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ዳግ ከሳ።

በመጀመሪያ ጢሙ ሳሳ፣ ቀጥሎ ልብሱ ሰፋ፣ ከዚያ ሥራውን ተወ። ዋልተር በሽታውን በስሙ ነገረን፤ ያኔ ያን ስም በደጃፉ የሚጠራ ሰው ጥቂት ነበር። መድኃኒቱ ገና እየመጣ ነው ይባል ነበር፤ ለዳግ ግን አልደረሰለትም። ቅዳሜው ቆመ። ሳህኖቹ ከበሩ አጠገብ ተነሱ። አስቴር ከሺፍቷ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ላይ ቤት ትወጣና ዋልተርን አግዛ ታገላብጠዋለች፣ ታጥበዋለች። እኔ በር ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ግዙፍ ሰው አልጋ ላይ ምንም አልቀረም ነበር። ፈራሁ፤ ሞትን ነው በሽታውን ነው የፈራሁት እስካሁን አልለየሁትም።

በመጋቢት ሞተ። እናቱ ከሳስካችዋን መጥታ፣ ሬሳውን አስጭና፣ ዋልተርን "ቀብሩ የቤተሰብ ብቻ ነው" ብላው ሄደች። ጋዜጣ ላይም አወጣችው። ዳግ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ፣ ሚስት ሳያገባ የሞተ ልጅ ነበር ይላል።

"ዓሣ አጥምዶ አያውቅም" አለኝ ዋልተር ጋዜጣውን እያሳየኝ። "ትል መንካት ይጸየፍ ነበር።"

ማንም አልመጣም። ጓደኞቻቸው ገሚሶቹ ቀድመውት ሞተዋል፣ ገሚሶቹ ታመዋል። ዋልተር በተተኮሰ ሸሚዙ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ አያለቅስም፣ አይበላም። ከጣሪያችን በላይ ኮቴ ጠፋ።

"ሰው ሞቶበት ብቻውን ተቀምጧል" አለች አስቴር። "እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?"

ዓርብ ማታ ጋሽ ተሰማ እንደልማዳቸው "ጎረቤትህ ደህና ነው?" አሉኝ።

"ሞተ፣ ጋሼ።"

ክው አሉ። "ያ የጉልበቱ ሰውዬ? ለቅሶ ተደረሰ? ሐዘንተኛው ማነው?"

"አብሮት የሚኖር ሰው አለ።"

"ዘመድ ነው?"

"ከዘመድም በላይ" አልኩ።

"እሑድ ከአምልኮ በኋላ እንሄዳለን" አሉ፤ ኤልያስ ማስታወቂያውን ነገረ።

ቅዳሜ ለዋልተር አስቀድሜ ልንገረው ብዬ ወጣሁ።

"ነገ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣሉ።"

"ለምን?"

"ሊቀመጡ።"

"ተቀምጠው ምን ሊያደርጉ?"

"ምንም። ሊቀመጡ ነው።"

ዞር ብሎ ክፍሉን አየ። "ስንት ወንበር ያስፈልጋል?" አለ።

ወንበር የሚበቃ ነገር አልነበረም። መኪናው ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተደረደረ፤ ጎረቤቶች መጋረጃ ገለጥ አደረጉ። ወንዶቹ ጥቁር ሱፍ፣ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ጫማው በር ላይ ተከመረ። ሶፋው፣ ወለሉ፣ ደረጃው ሞላ። ዋልተር መሐል ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል። "ምን ልበል?" አለኝ በሹክሹክታ። "ምንም" አልኩት። ዝም ተባለ። እኛ ዝም ስንል እንችልበታለን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዋልተር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ዳግ ከሞተበት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሴቶቹ ሲያለቅስ ሲያዩት አብረውት አለቀሱ። ማንን እንደሚያለቅሱ የማያውቁ ሴቶች ነጠላቸውን እያዞሩ ሲነፋረቁ ሳይ እኔም አልቻልኩም።

ግድግዳው ላይ ጆሮ ያለው የቆዳ ጭምብል ተሰቅሏል። እንዲያወርደው መንገር ረስቻለሁ። ጋሽ ተሰማ ሲያዩት ቆዩና ወደኔ ዘንበል አሉ።

"ሟቹ በቅሎ ነበረው?"

"በኋላ እነግርዎታለሁ፣ ጋሼ።"

"የቆዳ ሥራው ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ የሕይወት ታሪኩ ይነበብና እንጸልይ" አሉ።

እኛ ዘንድ ሰው የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብ አይሸኝም፤ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ማንን ትቶ እንደሄደ መባል አለበት። ለዋልተር አስረዳሁት። ዋልተር ተነስቶ ሄደና መጽሐፉን ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠልኝ።

"ራሱ ስለ ራሱ የጻፈው ይኼ ብቻ ነው" አለ። "እንዳለ ንገራቸው። ጋዜጣው ላይ ዓሣ አጥማጅ አድርገውታል። አንድ ቦታ እንኳ እንደነበረው ይነገርለት።"

ወንድም እያሉ ማለፍ እችልበት የለ? ምላሴ ላይ መጥቶልኝ ነበር፤ ዳግ የሚባል ሠራተኛ ነበር፣ ቡችላ ይወድ ነበር፣ አሜን። ማንም አያውቅም። አስቴር ከኩሽና በር ላይ ሆና ታየኛለች። ዋልተር አማርኛ ባይሰማም አፌን ያያል። መጽሐፉን ከእጁ ተቀብዬ ጀመርኩ።

"'ዳግ እባላለሁ' ይላል። 'ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ቤት ማሞቂያ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡችላ ነኝ። ሰው ሆኜ ስውል ብዙ ነገር እፈራለሁ። አባቴን እፈራ ነበር፤ ከሞተም በኋላ ድምፁን እፈራለሁ። ቡችላ ስሆን የምፈራው የለም። ይህን መጽሐፍ የጻፍኩት እንደኔ ያለ ሰው የሆነ ከተማ ቁጭ ብሎ ብቻዬን ነኝ እንዳይል ነው። የሚይዘኝ ዋልተር ይባላል። ባሌ ነው፤ ሕጉ ባይለውም እኔ እላለሁ። ከእሱ በፊት ራሴን የዳበሰኝ ሰው አልነበረም።'"

ለቅሶው ቀጥ አለ። ኤልያስ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

"ያ ያባዛሁት የጉልበት ጽሑፍ፣ ከዚህ ነው የወጣው?"

"አዎ።"

"'ወንድም ሲደክመው በጎኑ ተኝቶ ይረፍ' የሚለው? ዋናው ላይ ወንድም ነው የሚለው?"

መጽሐፉን ዘጋሁት።

"ምንድነው የሚለው?"

"ቡችላ።"

ከደረጃው በኩል አንዲት እህት አፏን በነጠላዋ አፍና የሆነ ድምፅ አወጣች። ኤልያስ ጆሮው ቀላ። ስንት ዓርብ በጎኑ እንደተጋደመ ሲቆጥር ይታየኛል።

"በምንድነው የሞተው?" አለ አንዱ ከኋላ። በአማርኛ ነው የጠየቀው፤ ዋልተር ግን ጥያቄውን ከዚያ በፊት በብዙ ፊት ላይ አይቶታል መሰለኝ፣ እኔን ሳይጠብቅ "ኤድስ" አለ። ያ ቃል ትርጉም አላስፈለገውም።

ጉባኤው ተነሳ። ጋሽ ተሰማ እንኳ ጸሎቱን ሳያደርሱ ተነሱ። ሆኖም እኛ ከለቅሶ ቤት ዝም ብሎ መውጣት አናውቅበትም፤ እግራችን እምቢ ይላል። ዋልተር ደግሞ እንግዶቹን ሊሸኝ በር ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። ፊተኛው ኤልያስ ነበር። የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከኋላው የተሰለፈውን ሕዝብ አየ። ከዚያ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠውና "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። ሁሉም ተከተሉት፤ እየጎነበሱ፣ እየጨበጡ፣ "ያጽናህ፣ ያጽናህ" እያሉ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ተሰማ ወጡ። ጨበጡት፤ እኔን አላዩኝም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ዋልተር ወደኔ ዞረ። ፊቱ በእንባ ርሷል።

"እንዳለ ነገርካቸው?"

"እንዳለ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"እያንዳንዳቸው እጄን ጨበጡኝ" አለ። "እናቱ ስልኬን አላነሳችም። እነዚህ ግን ሰምተው ጨበጡኝ።" እጁን ሊያወዛውዝላቸው ወደ መስኮቱ ሄደ።

ያን ሰሞን ሞቃቱ ነፋስ፣ ሽኑክ የሚሉት፣ ነፍሶ በረዶው ረጥቦ ነበር። ኤልያስ ሣሩ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ በረዶ እያፈሰ እጁን እስከ ክርኑ ይፈትጋል። አጠገቡ ሁለት ሰዎች ይፈትጋሉ። ሌሎቹ ወደ መኪናቸው ከመግባታቸው በፊት እየቆሙ ያፍሳሉ። ጋሽ ተሰማም ጎንበስ ለማለት የአንዱን መኪና ተደግፈው አየኋቸው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ ዋልተር።

አስቴር የያዘችውን ሳህን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተናደድኩ፤ በእነሱም፣ በራሴም፣ በዚያች እናትም ላይ።

"ባህል ነው" አልኩት። "እኛ አገር ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም።"

ይኼ እውነት ነው። አገር ቤት ከቀብር መልስ በደጅ ውሃ ይቀመጣል። እነሱ የሚታጠቡት ግን ከቀብር እንዳልሆነ እኔም አስቴርም እናውቃለን።

ዋልተር የራሱን እጅ አየ። "እኔ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ግን መታጠብ ይገባኛል፤ አይደል? ከሁሉም በላይ እኔ።"

መልሴን ሳይጠብቅ በነጠላ ጫማ ወጣ። ሮጬ ተከተልኩት። ከጋሽ ተሰማ ጎን ጎንበስ ብሎ የሸሚዙን እጅጌ በሥርዓት ሰበሰበና በረዶ አፍሶ መታጠብ ጀመረ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ መዳፉን፣ አንጓውን፣ ያን ሁሉ ወር ዳግን ያጠበበትን እጅ። ሰዎቹ እጃቸው እንደረጠበ ቆመው ቀሩ። ኤልያስ የመኪናውን በር ከፍቶ አልገባም።

ዋልተር ቀና ብሎ ጋሽ ተሰማን አንድ ነገር ጠየቃቸው።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"'እንዲህ ነው የሚታጠበው?' ነው የሚልዎት። ባህላችን ነው ብዬዋለሁ፣ ጋሼ።"

በመዳፋቸው የያዙት በረዶ እየቀለጠ በኮታቸው እጅጌ ይገባ ነበር።

"ልክ ነው በለው" አሉ።

ነገርኩት። ዋልተር ሊያመሰግናቸው እርጥብ እጁን እንደገና ዘረጋ። ጋሽ ተሰማ እጁን አዩት፤ ከዚያ አሁን የታጠቡትን እጃቸውን ሰጡት።